ሆድ ሳይከፈት

ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1985 ቤተስዳ ወደሚገኘው የባሕር ኃይል ሆስፒታል የሄዱት ለቀላል ጉዳይ ነበር። ቀደም ሲል አንጀታቸው ውስጥ የታየች አንዲት ትንሽ ፖሊፕ ልትወጣላቸው ነው። ዕድሜያቸው 74 ሲሆን፣ ሁለተኛውን የሥልጣን ዘመን ከጀመሩ ገና ግማሽ ዓመት መሆኑ ነው። ሐኪሞቹ ያቺን ትንሿን አወጡ። ከዚያ በፊት የተደረጉላቸው ምርመራዎች አንጀታቸውን እስከ ጫፍ ያዩ ስላልነበሩ ግን በፊንጢጣ ያስገቡትን መመልከቻ ቱቦ እዚያ ላይ አላቆሙትም፤ ትርፍ አንጀት እስከሚንጠለጠልበት እስከ ትልቁ አንጀት መነሻ ድረስ ገፉት። እዚያ የጠበቃቸው 5 ሴንቲሜትር ያህል የሚሆን ሌላ እባጭ ነው። በያኔው መሣሪያ ከውስጥ የሚወጣ አልነበረም። በማግስቱ ሆዳቸው ተከፍቶ 60 ሴንቲሜትር ያህል አንጀት ተቆርጦ ወጣ፤ ለስምንት ሰዓት ያህልም ሥልጣናቸው ለምክትላቸው ለጆርጅ ቡሽ ተላለፈ። ከሁለት ቀን በኋላ የላቦራቶሪው መልስ ደረሰ፤ ካንሰር ነው። ወደ አንጀቱ ጡንቻ ገብቷል፤ ከዚያ አልፎ መሠራጨቱን የሚያሳይ ምልክት ግን አልተገኘም።

ሬገን ከዚያ በኋላ 19 ዓመት ኖሩ። በ93 ዓመታቸው ያረፉት በአልዛይመርና እሱን ተከትሎ በመጣ የሳንባ ምች ነው፤ አንጀታቸው አልነካቸውም።

ስለ አረጋውያን የአንጀት ዕጢ በተነሣ ቁጥር ይህ ታሪክ ይታወሰኛል፤ ሁለቱ ዋና ጥያቄዎች አብረው ስላሉበት ነው። አንዱ ጥልቀት ነው። ያ እባጭ ወደ ጡንቻ ባይገባ ኖሮ፣ በዛሬው መሣሪያ ቢሆን፣ ሆድ ሳይከፈት ሊያልቅ ይችል ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ነው። የ74 ዓመት ሰው ከፊቱ 19 ዓመት እንዳለው በዚያች ዓርብ ማን ሊያውቅ ይችላል? «አርጅተዋል፣ ይተዉ» የሚል ፈራጅ ያንን ሁሉ ዓመት በአንድ ቃል ይሰርዘዋል። «የተገኘው ሁሉ ይውጣ» የሚለውም፣ ኋላ እንደምናየው፣ ሰው ይጎዳል። የኢንዶስኮፒ ሕክምና፣ ማለትም በመመልከቻ ቱቦ የሚሠራው፣ የገባው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ትልቁ አንጀት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ውስጡን የሚሸፍነው ስስ ልባስ በየጥቂት ቀኑ ራሱን ያድሳል፤ ሴሎቹ ያለ ዕረፍት ይከፋፈላሉ፣ ብዙ የሚከፋፈል ደግሞ ብዙ ይሳሳታል። ስሕተቱ ሲደራረብ ፖሊፕ የምንለው እባጭ ይበቅላል። አንዳንዱ ቀጭን ግንድ አለው፤ አንዳንዱ ግንድ ሳይኖረው ከልባሱ ጋር ተለጥፎ ወደ ጎን ይሰፋል። በለንደን የቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ፓቶሎጂስት ባሲል ሞርሰን አብዛኛው የአንጀት ካንሰር የሚነሣው ከእነዚህ እባጮች ነው ብለው ሲከራከሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ኤሪክ ፊረንና በርት ቮግልስታይን እባጩ ወደ ካንሰር ሲሸጋገር የትኞቹ ጂኖች በየተራ እንደሚበላሹ አሳዩ። ጉዞው ረጅም ነው፤ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ብዙዎቹ ፖሊፖች እዚያ ሳይደርሱ ባሉበት ይቀራሉ። በ1993 የታተመው የአሜሪካ ብሔራዊ የፖሊፕ ጥናት ፖሊፖቻቸው በኮሎኖስኮፒ፣ በትልቁ አንጀት መመልከቻ ቱቦ፣ በወጡላቸው ሰዎች ላይ የአንጀት ካንሰር ከተጠበቀው ቢያንስ በ76 በመቶ ቀንሶ እንደተገኘ ዘገበ። ከላይ ያነሣነውን «10 ዓመት» ያዙት። ስለ 88 ዓመት ሰው ስናወራ እንመለስበታለን።

ከዚያ በፊት ግድግዳውን እንመልከት፤ ጉዳዩ ሁሉ የሚወሰነው እዚያ ነው። ሲነፋ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር አይሞላም። በዚያች ውስጥ ግን ንብብሮች አሉ። ከላይ ልባሱ፣ ከሥሩ የደም ሥሮችና የሊምፍ ቱቦዎች የሚያልፉበት ልል ንብብር፣ ከዚያ ጡንቻው። ካንሰሩ ልባሱ ውስጥ እስካለ ድረስ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም፤ ያን ጊዜ ካወጡት አበቃ። ወደ መካከለኛው ንብብር ሲወርድ ግን መንገድ ያገኛል። በብብትና በጉያ ሲያብጡ የምናውቃቸው ንፍፊቶች በአንጀት ዙሪያም አሉ፤ የሊምፍ ቱቦዎቹ ወደዚያ ይወስዱታል። ይህ ግን ካንሰሩ እንደ ወረደ ወዲያው አይደርስም። የጃፓን ሐኪሞች የወጡ ዕጢዎችን በማይክሮስኮፕ እየለኩ አንድ መስመር አሰመሩ፦ ካንሰሩ ወደ መካከለኛው ንብብር የገባው ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ከሆነና ሌላ መጥፎ ምልክት ከሌለበት፣ ንፍፊት ውስጥ የመገኘት ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። እንዲህ ያለውን በቱቦ አውጥቶ ሕመምተኛውን ወደ ቤቱ መስደድ ይቻላል። ከዚያ ሲጠልቅ ክርክሩ ይጀመራል።

ቱቦው እዚህ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ደቡብ አፍሪካ የተወለዱት ባሲል ሂርሾዊትዝ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ብርሃን በሚያስተላልፉ ቀጫጭን የመስታወት ክሮች የተሠራውን ተጣጣፊ መመልከቻ በ1957 የሞከሩት በራሳቸው ጉሮሮ ነው። ዛሬ ቢሆን የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይፈቅድላቸው ነበር! ከ12 ዓመት በኋላ፣ በኒው ዮርኩ ቤት እስራኤል ሆስፒታል፣ ጃፓን የተወለዱት ቀዶ ሐኪም ሂሮሚ ሺንያ ከባልደረባቸው ከዊልያም ዎልፍ ጋር ሆነው በረጅሙ ቱቦ ውስጥ የሽቦ ሸምቀቆ አሾለኩ፤ ፖሊፑን አነቁት፣ ኤሌክትሪክ ለቀቁበት፣ ቆርጠው አወጡት። ከዚያ በፊት ከላይኛው የአንጀት ክፍል አንዲት ፖሊፕ ለማውጣት ሆድ መክፈት ግድ ነበር።

ሸምቀቆ ግንድ ላለው ፖሊፕ ይመቻል፤ ተለጥፎ ለሚሰፋው ግን ምን ያንቃል? እዚህ ላይ ፈሳሽ ረዳ። በእባጩ ሥር ጨዋማ ፈሳሽ በመርፌ ሲገባ መካከለኛው ንብብር ይነፋል፣ እባጩም ከጡንቻው ርቆ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከዚያ ሸምቀቆው ይይዘዋል። ሐኪሞች ኢኤምአር ይሉታል። እስከ 2 ሴንቲሜትር ለሚደርስ እባጭ ግሩም ነው። ከዚያ ሲበልጥ በአንድ ጊዜ ስለማይያዝ በቁራጭ በቁራጭ ይወጣል፤ ችግሩም ከቁራጩ ይመጣል። በመካከል የቀረች ቅሪት ተመልሳ ትበቅላለች። ፓቶሎጂስቱም በተበጣጠሰ ሥጋ ላይ ጥልቀትንና ጠርዝን አስተማምኖ ሊለካ አይችልም፤ ሚሊሜትር በሚፈርድበት ጉዳይ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ለመጀመሪያው ችግር መልስ ተገኝቶለታል፦ የአውስትራሊያ ሐኪሞች በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ከቆረጡ በኋላ ጠርዙን በሸምቀቆው ጫፍ ሲተኩሱት ተመልሶ የመብቀሉ ነገር ከ21 ወደ 5 በመቶ ወረደ። ሁለተኛው ግን ሌላ እጅ ይፈልግ ነበር።

ያ እጅ የመጣው ከጃፓን ነው። አገሩ የጨጓራ ካንሰር የበዛበት በመሆኑ ሐኪሞቹ ገና ያልጠለቀ ዕጢ በየጊዜው ያገኙ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቶኪዮ ብሔራዊ የካንሰር ማዕከል ጫፉ ላይ ትንሽ የሴራሚክ ኳስ ያለው ቢላ ሥራ ላይ ዋለ። ኳሷ ኤሌክትሪክ ስለማታሳልፍ ቢላው ወደ ጎን ይቆርጣል እንጂ ወደ ታች አይበሳም። ከዚህ ያደገው ዘዴ ኢኤስዲ ተባለ። የእባጩ ዙሪያ ይቆረጣል፣ ሥሩ በፈሳሽ ይሞላል፣ ከዚያ ሐኪሙ መካከለኛው ንብብር ውስጥ ገብቶ እያየ ጥቂት በጥቂት ይፈለቅቀዋል። ለስልቻ የሚሆን ቆዳ ሲገፈፍ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ ገፋፊው በጡጫውና በቢላው ጫፍ ቆዳውን ከሥጋው ሲለይ አንዲት ቀዳዳ እንዳታመልጠው ትንፋሹን ውጦ ነው የሚሠራው። እዚህ ግን ሥራው ከእጅ አንድ ሜትር ርቆ፣ በሚተነፍስ ሰው ሆድ ውስጥ፣ ሲንቀሳቀስ በሚውል ስስ ግድግዳ ላይ ነው። አንዳንዱ በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ ሦስት ሰዓት የሚፈጅም አለ። መጨረሻ ላይ እባጩ ሙሉ ሆኖ፣ አንድ ቁራጭ ሆኖ ይወጣል፣ በሰሌዳ ላይ በመርፌ ተወጥሮም ወደ ፓቶሎጂ ይሄዳል።

የጃፓን የጤና መድን ለጨጓራ ኢኤስዲ መክፈል የጀመረው በ2006 ነው፤ ለምግብ ቧንቧ በ2008፣ ለትልቁ አንጀት በ2012። ቅደም ተከተሉ በአጋጣሚ አልመጣም። የጨጓራ ግድግዳ ወፈር ስለሚል እጅ የሚፈታው እዚያ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ዘዴው የዘገየበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ገና በልባሱ ላይ ሳለ የሚያዝ የጨጓራ ካንሰር እዚያ ጥቂት ስለሆነ ወጣት ሐኪሞች የሚለማመዱበት አጡ።

ጥሩ እጅ ያለ ጥሩ ዓይን ግን ከንቱ ነው። ሺን-ኤይ ኩዶ የተባሉት ጃፓናዊ ሐኪም የልባሱን ጥቃቅን ጉድጓዶች በሚያጎላ ቱቦ እያዩ እንደ ቅርጻቸው መደቧቸው። ክብና ሥርዓት ያላቸው ከሆኑ ሰላም ነው፤ ቅርጻቸው ጠፍቶ ገጹ የተዘበራረቀ እንደሆነ ካንሰሩ ጠልቋል፣ ቢላው ባይነካው ይሻላል። ሌላ ቀለል ያለ ፈተናም አለ፦ ፈሳሽ ሲወጋ እባጩ አልነሣም ካለ ከታች ካለው ጋር ሳይጣበቅ አልቀረም። ይህ ምልክት ግን ሊያሳስት ይችላል፤ ቀደም ብሎ ናሙና ደጋግሞ የተቆረሰበት እባጭም በጠባሳ ምክንያት አይነሣም። ስለዚህ ጠፍጣፋና ሰፊ እባጭ ሲገኝ «ለማንኛውም» እየተባለ ከአምስት ስድስት ቦታ ናሙና መውሰድ በኋላ የሚመጣውን ሐኪም ሥራ ማክበድ ነው። ጥርት ያለ ፎቶ አንሥቶ ልምድ ወዳለው ማዕከል መላክ የተሻለ ነው፤ ቤተሰብም «ናሙና ሳይወሰድ እንዴት ይላካል?» ብሎ ባይቆጣ ጥሩ ነው።

አሁን የ82 ዓመት እናት እንበል። የልብ ምታቸው ስለሚዛባ ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ፤ ስኳር አለባቸው፤ በምርኩዝ ይሄዳሉ። አእምሯቸው ግን ሙሉ ነው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ። በቀኝ በኩል ባለው አንጀታቸው 3 ሴንቲሜትር ተኩል የሚሆን ጠፍጣፋ እባጭ ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ይደረግ ቢባል፣ በላፓሮስኮፒ በትንንሽ ቀዳዳ ቢሠራ እንኳ፣ ሙሉ ሰመመን አለ፣ ተቆርጦ የተሰፋ አንጀት አለ፣ የአልጋ ቀናት አሉ። በዚህ ዕድሜ አንድ ሳምንት የተኛ ጡንቻ ለመመለስ ወራት ይወስድበታል። ከሰመመን በኋላ የሚመጣው መቃዠትም አለ፤ በሦስተኛው ሌሊት ልጃቸውን «አንተ ማነህ?» ሲሉት ቤተሰብ የሚደነግጠው ድንጋጤ። ብዙውን ጊዜ ያልፋል፤ አንዳንዱ ግን ወደ ቀድሞው አይመለስም። በቱቦ የሚሠራ ከሆነ እንቅልፉ ቀላል ነው፣ አንጀቱም ሙሉ ሆኖ ይቀራል፣ ብዙዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤታቸው ይገባሉ። አረጋውያንን በተመለከተ የኢንዶስኮፒ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፦ የሰውየውን የዕለት ኑሮ ሳይነካ መውጣቱ።

ይህ ማለት ግን ዋጋ አያስከፍልም ማለት አይደለም። ዋጋው የሚጀምረው ከዋዜማው ምሽት ነው፤ ሐኪሞች በጥቂት ቃል የሚያልፉት፣ ሕመምተኞች ግን ከሁሉ አስበልጠው የሚያስታውሱት ምሽት። አንጀት መታጠብ አለበት። የታወቀው መድኃኒት በአራት ሊትር ውሃ የሚበጠበጥ ፖሊኢትሊን ግላይኮል ነው፤ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ጎህ ሲቀድ ይጠጣል። አራት ሊትር ለጎልማሳም ጣጣ ነው። ለ82 ዓመት እናት፣ በጨለማ ለአሥረኛ ጊዜ ከአልጋ ሲነሡ፣ ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ምርኩዝ ይዘው በር ከፍተው ሲወጡ፣ ከእባጩ ይልቅ የሚያሰጋቸው መውደቅ ነው። የተሰበረ ዳሌ በዚህ ዕድሜ ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ያን ሌሊት አጠገባቸው የሚተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ መብራት ይብራ፣ ፖፖ ወይም ባልዲ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ፣ በየመካከሉም ጨውና ስኳር ያለው ፈሳሽ ይጠጡ። የስኳር መድኃኒቱ መጠን ለዚያ ቀን ከሐኪም ጋር ይስተካከል፤ ሳይበሉ ኢንሱሊኑን እንደ ወትሮው መውጋት አደጋ ነው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ብቻ የሚመረጠው የሶዲየም ፎስፌት ማጠቢያ ደግሞ ለአረጋዊ ኩላሊት አይሆንም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኩላሊት ጉዳት ምክንያት በ2008 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ያወጣበት ነው።

ቀጥሎ ደም ማቅጠኛው። እዚህ ላይ ሰዎች በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታሉ፤ አንዱ ለሐኪሙ ሳይናገር እየዋጠ ይመጣል፣ ሌላው ጎረቤት በነገረው ከሁለት ሳምንት በፊት ያቆማል። ዋርፋሪን ትልቅ እባጭ ከመቆረጡ በፊት በአብዛኛው 5 ቀን ይቆማል፤ አዲሶቹ ክኒኖች 2 ቀን ያህል፣ ኩላሊት የደከመ እንደሆነ ከዚያ በላይ። አስፕሪን ብዙውን ጊዜ ይቀጥላል። በቅርቡ የልብ ደም ሥር ውስጥ ስቴንት የሚባል የብረት መረብ የገባለት ሰው ማቅጠኛ ክኒኑን ቢያቆም ልቡን ሊያጣ ስለሚችል፣ እባጩ ወራት ይጠብቀዋል፤ 10 ዓመት ሲያድግ የኖረ ነገር ለጥቂት ወራት መጠበቅ አያቅተውም። ከ1 ሴንቲሜትር በታች የሆኑት ፖሊፖች ያለ ኤሌክትሪክ በባዶ ሸምቀቆ ሊቆረጡ ይችላሉ፤ «ቀዝቃዛ» የሚሉት ይህን ነው። ኤሌክትሪክ ስላላቃጠለው ከቀናት በኋላ የሚደማበት ዕድል አነስተኛ በመሆኑ ለእንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ተስማሚ ነው።

የማስተኛ መድኃኒቱ ከወጣት መጠን ዝቅ ይላል፣ ቀስ ብሎም ይሰጣል፤ ኦክስጅን በጣት ላይ ይለካል። አንጀቱን የሚነፋው አየር ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሆን ይመረጣል፤ ደም ቶሎ መጥጦ በትንፋሽ ስለሚያስወጣው ሰውየው ሆዱ ተነፍቶ ሲያቃስት አያድርም።

አደጋዎቹን ስማቸውን ጠርቶ መናገር ይገባል። አንዱ መበሳት ነው። በጃፓን ልምድ ባላቸው እጆች በትልቁ አንጀት ኢኤስዲ ከመቶ ሰው ከ5 ባነሰው ላይ ይደርሳል፤ ልምዱ በሳሳበት ይበዛል። እዚያው ከታየ ብዙ ጊዜ በትንንሽ የብረት ቅንጥቦች ይዘጋል፣ ቀዶ አያስፈልግም። ሌላው መድማት ነው። በዕለቱ ካልሆነም እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ረጅም መንገድ መሄድ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ታክሞ ወዲያው ሆስፒታል ወደሌለበት ወረዳ መመለስ፣ አይመከርም።

እባጩ ወጥቶ፣ እናትየውም ቤታቸው ገብተው ከሰነበቱ በኋላ የፓቶሎጂው ወረቀት ይመጣል። ከባዱ ውሳኔ ያለው እዚህ ይመስለኛል።

ወረቀቱ ካንሰር የለበትም ካለ፣ ወይም ካንሰሩ በልባሱ ውስጥ ብቻ ነው ካለ፣ ደስታ ነው። ጠርዙም ንጹሕ ከሆነ ተፈውሰዋል። ችግሩ ሦስተኛው ዓይነት መልስ ሲመጣ ነው፦ ካንሰሩ ወደ መካከለኛው ንብብር 2 ሚሊሜትር ገብቷል፣ አንዲት የሊምፍ ቱቦ ውስጥም ሴሎች ታይተዋል። እንዲህ ሲሆን መመሪያዎቹ ሁሉ «ቀዶ ሕክምና ይደረግ፣ ያ የአንጀት ክፍል ከነንፍፊቶቹ ይውጣ» ይላሉ። ምክንያታቸው በቂ ነው፤ ወደዚህ ንብብር ከገቡት ካንሰሮች ከመቶ 10 ያህሉ ንፍፊት ውስጥ ይገኛሉ፣ መጥፎ ምልክቶች ሲደራረቡ ከዚያም ይበልጣል። አኃዙን ገልብጠን ብናነበውስ? ቀዶ ከተደረገላቸው አብዛኞቹ ንፍፊቶቻቸው ንጹሕ ሆነው ይገኛሉ። ካንሰራቸው ያን ቀን በቱቦ ወጥቶ አልቆ ነበር ማለት ነው፤ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ግን ከቀዶው በፊት የሚነግር የለም።

ለ60 ዓመት ሰው መልሱ አያጠራጥርም፤ ይቀደድ። ለእኚህ እናትስ? ዕድሜያቸው ብቻውን አይመልስልንም። የካናዳው ሐኪም ኬኔት ሮክዉድ ባልደረቦቻቸውን ይዘው በ2005 ያቀረቡት የአቅም መለኪያ የሚጠይቀው ዕድሜን ሳይሆን ኑሮን ነው። ገበያ ይሄዳሉ? ደረጃ ሲወጡ ያርፋሉ? ሳይታገዙ ይታጠባሉ፣ ይለብሳሉ? ገንዘባቸውን ራሳቸው ይቆጥራሉ? ሁሉንም የሚያደርጉ የ82 ዓመት እናት ቀዶውን ሊችሉት፣ ጥቅሙንም ሊያዩት ይችላሉ። ልብስ ለመልበስ ሰው የሚጠብቁ የ72 ዓመት ሰው ላይችሉት ይችላሉ። ቀዶው ራሱ ሊያደርስ የሚችለው ሞትና ጉዳት ከዚያ ከ10 በመቶ ጋር በአንድ ሚዛን ሲቀመጥ፣ ለደካማው ሰው መታገሱና በሲቲ ስካን መከታተሉ ሚዛን የሚደፋበት ጊዜ አለ። ይህን የሚል ሐኪም ሲያጋጥም «ተስፋ ቆርጦባቸዋል» ብሎ መደምደም ፍርደ ገምድልነት ነው። ሒሳቡን ጮክ ብሎ የሠራ ሐኪም ነው።

እባጩ አድጎ የአንጀቱን መንገድ የዘጋ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሆድ ይነፋል፣ ጋዝ መውጣት ያቆማል፣ ትውከት ይመጣል። በእንዲህ ያለ ሌሊት አረጋዊን በጥድፊያ መቅደድ በአንጀት ሕክምና ውስጥ ካሉት አደገኛ ሥራዎች አንዱ ነው። በቱቦ በኩል ተጣጥፎ የሚገባ የብረት መረብ፣ ስቴንት፣ በዕጢው መካከል ሲለቀቅ በሰውነት ሙቀት ይዘረጋል፣ መንገዱም ይከፈታል። ከዚያ ሕመምተኛው አገግሞ፣ ፈሳሹ ተስተካክሎ፣ ቀዶው በቀን ቀጠሮ ይደረጋል፤ ካንሰሩ ተሠራጭቶ ከሆነም ስቴንቱ ብቻውን ቀሪውን ጊዜ ያስተነፍሳል። አንጀት የመብሳት አደጋ ስላለው ለሁሉም አይደለም። ወደ ፊንጢጣ እጅግ ቅርብ ለሆነ ዕጢ ደግሞ ሕመሙ ስለማይቻል አይገባም።

በአገራችን ብዙ ሰው ኮሎኖስኮፒ ጋ የሚደርሰው እንዲህ ተዘግቶበት ነው። ከዚያ በፊት ደም ታይቶ ነበር፤ «ኪንታሮት ነው» ተባለ። ሆድ ይቆርጥ ነበር፤ «አሜባ ነው» ተባለና መድኃኒት ተዋጠ። ኪንታሮት በእርግጥ ብዙ ነው፣ አብዛኛውም የሰገራ ደም ከእሱ ነው። ነገር ግን ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከሰገራው ጋር ደም ካየ፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ከተገኘበት፣ ኪንታሮት መኖሩ ከላይ ሌላ ነገር አለመኖሩን አያሳይም። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ።

ሌላም አለ፤ ዝምታው። አንዱ ልጅ ዋሽንግተን ነው፣ አንዷ ዱባይ፣ ሦስተኛው አዲስ አበባ ሆስፒታሉ በር ላይ። ስልክ ይደዋወላሉ፣ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ይወስናሉ፤ ለሐኪሙም «ዶክተር፣ እባክዎ ካንሰር የሚለውን ቃል እማዬ ፊት እንዳይጠሩ» ይላሉ። ፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። ሆኖም ከላይ ያየነው ሚዛን አንዱ ወገኑ የእሳቸው ምርጫ ነው። ሁለት ወር በሆስፒታል አሳልፈው አምስት ዓመት መጨመር ይፈልጋሉ? ወይስ ለፋሲካ ቤታቸው መሆንን ያስበልጣሉ? አራት ሊትሩን የሚጠጡት እሳቸው፣ ደም ማቅጠኛውን የሚያቆሙት እሳቸው፣ ከስድስት ወር በኋላም ተመልሰው የሚታዩት እሳቸው ናቸው። ምን እንዳለባቸው ያልተነገራቸው እናት ስድስተኛው ወር ሲደርስ «ድኛለሁ እኮ፣ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» ብለው ይቀራሉ፤ በእሳቸው ቦታ ማንም እንዲሁ ይል ነበር። ከባዱን ቃል በአንድ ጊዜ መወርወር ግድ አይደለም። «ማወቅ የሚፈልጉት ምን ያህል ነው?» ተብለው ቢጠየቁ ብዙ አረጋውያን ከልጆቻቸው ግምት በላይ ያውቃሉ።

በቁራጭ የወጣ ትልቅ እባጭ ቦታው ብዙውን ጊዜ በ6 ወር ይታያል፤ ንጹሕ ከሆነ ቀጣዩ ቀጠሮ ይርቃል። በአንድ ቁራጭ፣ ጠርዙ ንጹሕ ሆኖ ለወጣው ጥድፊያው ያነሰ ነው። ከዚያስ እስከ መቼ? ምልክት ለሌለባቸው ሰዎች በሚደረገው ምርመራ ላይ የአሜሪካ የመከላከል ግብረ ኃይል ከ45 እስከ 75 ዓመት ያሉትን ሁሉ ይመክራል፤ ከ76 እስከ 85 ያሉት እንደየጤናቸው፤ ከ85 በኋላ ይቁም ይላል። ምክንያቱ ያ «10 ዓመት» የሚለው ነው። ልባቸውና ኩላሊታቸው የደከመ የ88 ዓመት አባት 6 ሚሊሜትር ፖሊፕ ቢገኝባቸው፣ ወደ ካንሰር የምትለወጥ ብትሆን እንኳ የምትደርሰው እሳቸው 98 ሲሞሉ ነው። እሷን ለማውጣት የሚከፈለው የዋዜማው ሌሊት፣ ማቅጠኛው የሚቆምበት ቀንና የማስተኛው መድኃኒት ግን ዛሬ ነው የሚከፈለው። ሐኪሙ አይቶ ቢተዋት፣ በካርዱም ላይ «ተጨማሪ ክትትል አያስፈልግም» ብሎ ቢጽፍ፣ ቤተሰቡ ሌላ ሆስፒታል ፍለጋ ባይሄድ ይመረጣል። ደም ካዩ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ጋዝ መውጣት ካቆመ፣ ወይም ፊታቸው ገርጥቶ ከደከሙ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሳሉ፤ ያኔ የሚደረገው ምርመራ ለክትትል የሚደረገው አይደለም፣ ከ85 በላይ የሚለውም ገደብ አይመለከተውም።